የተከራዩት ክብር

ቤት ለሰው ልጅ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ነው። ከዝናብ ያስጠልላል፤ የደከመውን ያሳርፋል፤ ልጅ ያሳድጋል፤ እንግዳ ያስተናግዳል። ከዚህ አገልግሎቱ አልፎ የነዋሪውን ዋጋ እንዲመሰክር ሲታዘዝ ግን ቤትነቱ ይቀርና የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ወላይታ ሶዶ ቀድሞም የዞን ከተማና የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ነበረች፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ደመወዝተኛ በበዛበት ከተማ ቪላ ፈላጊም ይበዛል። ባሕር የሌለው አገር ልጅ የዱባይን የባሕር ዳር ቪላ በስልኩ ሲያይ ያመሽና፣ ሲነጋ የዚያን አምሳያ በሶዶ ይፈልጋል። ሰፊ ሳሎን፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ ባለ ዘበኛ ግቢ ይሻል፤ መኪና ሳይኖረው የመኪና ማቆሚያ ይከራያል።

መከራየት ነውር ነው የሚል የለም። ውሃ፣ ብርሃንና ንጹሕ መጸዳጃ ያለው ቤት መፈለግም ትዕቢት አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። ነውሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም የቤተ ዘመድን ጉሮሮ ዘግቶ ለአላፊ አግዳሚ ዓይን ኪራይ መክፈል ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ደመወዝህ 12,000 ብር ነው እንበል። ለቪላው በየወሩ 8,000 ብር ብትከፍል ለምግብ፣ ለልብስና ለመድኃኒት የሚተርፍህ 4,000 ብር ብቻ ነው። በ3,000 ብር ደኅና ቤት ብትይዝ ግን በዓመት 60,000 ብር ይተርፍሃል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ አከራይ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። ሕግ የአከራይን ስስት ሊገታ ይችላል፤ የተከራይን ከንቱ ውዳሴ የሚገታ አዋጅ ግን ከራሱ ልብ በቀር ከየትም አይወጣም።

የወላይታ ገበሬ ለጊፋታ በዓል የሚያርደውን በሬ የሚገዛው ከጎረቤቶቹ ጋር ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ነው። በዓሉ ሲደርስ ሥጋውን ተካፍለው በደስታ ይበላሉ። እንዲህ ቆጥቦ፣ ከእንሰቱ ማሳ ቀንሶ ያስተማረው ልጅ፣ አባቱ ዓመት የለፋበትን ዋጋ በጥቂት ወር ለግድግዳ ሲከፍል ምን ይባላል? ታናሽ እኅቱ ደብተር አጥታ እርሱ በቪላ ሰገነት ላይ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ያ ፎቶግራፍ የማን ውርደት ነው?

«ሰው የሚከበረው በቤቱ ነው፤ ለሥራም ለትዳርም መልካም ቤት ይረዳል» የሚሉ አሉ። በቪላህ ያከበረህ ሰው ያከበረው ቪላውን ነው፤ ስትለቅ ክብሩን ለሚቀጥለው ተከራይ ያስረክባል። ሳሎኑን አይታ ያገባችህም ሳሎኑ ሲታጣ ምን እንደምትል አስቀድመህ አስብ። አበው «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ያሉት ለዚህ ነው።

የራሳቸው ቪላ የነበራቸው እንኳ አልተማመኑበትም። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ብዙዎች በገንዘባቸው ካሠሩት ቤት ተለያዩ። ትምህርታቸውንና ሙያቸውን ግን አዋጁ አልወረሰባቸውም። ባለቤቱን ያልጸናለት ነገር ለተከራዩ ምን ሊሆነው ነው?

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ቤት ስትፈልግ በሩን ከማንኳኳትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ኪራዩን ከፍዬ ያለ ብድር እበላለሁን? ወላጆቼን እረዳለሁን? ለነገ የማስቀምጠው ይኖረኛልን? ለሦስቱም «አዎን» ካልህ ግባ። አንዱ ቢጎድል ግን የበሩ ማማር አያታልልህ፤ ወደ ትንሿ ቤት ሂድ። በዚያ ስትተኛ ዕዳ አይቀሰቅስህም።