የጠበበው መቀመጫው ነው

ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል በአውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለሦስት ሰው በተሠራ ዴስክ ላይ ለአራት ያልተቀመጠ፣ ወይም በታክሲ የኋላ ወንበር ላይ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በል» ያልተባለ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ በአየር ላይ የሚያጋጥም ቢሆንም ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ጥያቄው የሚከተለው ነው፤ በጠባብ የአውሮፕላን መቀመጫ ላይ ግዙፍ ሰውነት ያለው መንገደኛ ከጎናችን ሲቀመጥና ሁለታችንም ስንጨናነቅ ጥፋቱ የማን ነው? እርሱ ለሚያስፈልገው ተጨማሪ ቦታስ ዋጋውን መክፈል የሚገባው ማን ነው?

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የመንገደኛው ሳይሆን የመቀመጫው ልክ ነው። ወጪውም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ነገር ግን ይህን አስተያየት የያዝሁት ከመጀመሪያው አይደለም፤ እንዴት እንደ ደረስሁበት ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ በሌሊት ስጓዝ መቀመጫዬ በመስኮት በኩል ነበር። ከአጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ስለ ነበር ማንም እንዳይመጣበት በልቤ እመኝ ነበር። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አንድ ግዙፍ ጎልማሳ በመተላለፊያው ብቅ አለ። መተላለፊያው ስለ ጠበበው ወደ ጎን ዞሮ ነበር የሚራመደው። የመቀመጫዎቹን ቁጥር እያነበበ ሲመጣ በየረድፉ የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ አልፏቸው ሲሄድም እፎይ ሲሉ ተመለከትሁ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ቦታዬ እዚህ ነው» አለኝ። በአፌ የመለስሁለት ነገር የለም። ረጅም ትንፋሽ ብቻ ተነፈስሁ። ትንፋሼን እንደ ሰማው ከፊቱ አወቅሁ።

የወገብ ቀበቶው አልደረሰለትም። አስተናጋጇን ጠርቶ የቀበቶ ማራዘሚያ እንድታመጣለት ሲጠይቃት፣ እኔ እንዳልሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያም ሁለት እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ትከሻውንም ወደ መተላለፊያው አዘንብሎ ተቀመጠ። ምግብ ሲታደል የፊቱ ጠረጴዛ ሆዱን ነክቶ ስለ ቆመ ሊዘረጋለት አልቻለም፤ «አልራበኝም» ብሎ መለሰ። እኔም ክርኔን የማሳርፍበት አጥቼ ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ሳማው አደርሁ። ጎኔ እንደ ታመመኝ አልክድም። ሆኖም ሊነጋጋ ሲል ዘወር ብዬ ባየው እጆቹን እንዳጣመረ ነው። ያ ሰው እራቱንና እንቅልፉን ትቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነበር ያደረው። ሁለታችንም ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ገዝተናል፤ ሁለታችንም አላገኘንም። ታዲያ እርሱ እኔን ይቅርታ የሚጠይቀኝ ስለ ምንድን ነው?

መልሱን በመለኪያ ማግኘት ይቻላል። በብዙ አውሮፕላኖች የኢኮኖሚ ማዕረግ መቀመጫ ስፋት ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንዱ መቀመጫ ጀርባ እስከሚቀጥለው መቀመጫ ጀርባ ያለው ርቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 81 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአንዳንድ አየር መንገዶች ወደ 71 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እስቲ ማስመሪያችሁን አውጡና በዴስካችሁ ላይ 43 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ በጠመኔ አስምሩበት። ከዚያም የመምህራችሁን ወይም የአባታችሁን ትከሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ውፍረት የሚባል ነገር የሌለበት ጎልማሳ እንኳ ትከሻው ከመሥመሩ አልፎ ሲወጣ ታያላችሁ።

ይህን ልክ የወሰኑት ሰዎች ናቸው። ቦይንግ 777 የተባለው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በኢኮኖሚ ማዕረግ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ መቀመጫ መደርደር የተለመደ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የአውሮፕላኑ ወርድ ሳይጨምር ብዙ አየር መንገዶች ረድፉን ዐሥር መቀመጫ አደረጉት። ቦይንግ 787 የተባለው አውሮፕላንም በአንድ ረድፍ ስምንት ሰው በሰፊው ማስቀመጥ ሲችል፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች የመረጡት ዘጠኝ ነው። ለተጨማሪው መንገደኛ ቦታ የተገኘው ከሌሎቹ መንገደኞች ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተቆረሰ መሆኑ ግልጽ ነው።

መቀመጫው ሲጠብ የሰው ሰውነት በአንጻሩ ገዝፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረው። ብዙ ሰው ይህን የስንፍናና የሆዳምነት ውጤት አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የውፍረት ምክንያቱ ብዙ ነው። ከወላጅ የሚወረስ የተፈጥሮ ዝንባሌ፣ የአመጋገብና የአኗኗር መለወጥ፣ ልዩ ልዩ ሕመሞች፣ ለሕመም የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ያወፍራሉ። ከጎናችን የተቀመጠው ሰው በየትኛው ምክንያት እንደ ወፈረ በዓይናችን አይተን ልናውቅ አንችልም። የማናውቀውን ነገር መሠረት አድርጎ መፍረድ ደግሞ ከአስተዋይ ሰው አይጠበቅም።

አስተያየቴን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ «ሻንጣ ከተወሰነው ክብደት ሲያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበት የለምን? ሰውስ ለምን አይከፍልም?» ይላሉ። በእርግጥም ሳሞአ ኤር የተባለ አንድ አነስተኛ አየር መንገድ መንገደኞቹን እየመዘነ በኪሎ ማስከፈሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ተሰምቶ ነበር። እኔ ግን በሻንጣና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም እላለሁ። ሻንጣው ቢከብድ ግማሹን ዕቃ ቤት ትቶ መሄድ ይቻላል። ከሰውነቱ ግማሹን ቤቱ ትቶ የሚሄድ ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው ክርክር «እኔም ለሙሉ መቀመጫ ከፍያለሁ፤ ስለ ምን ግማሹን ላካፍል?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ አቤቱታ ነው፤ እኔም በዚያች ሌሊት ያልሁት ይህንኑ ነው። ስሕተቴ አቤቱታው ላይ ሳይሆን አቤት የተባለበት ሰው ላይ ነበር። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ልኩን የወሰነውና ገንዘቡን የተቀበለው ድርጅት ሩቅ ስለ ሆነ፣ ቍጣችንን ቅርብ ባገኘነውና እንደ እኛው በተጨነቀው ጎረቤታችን ላይ እናወርዳለን።

ሦስተኛው ክርክር የወጪ ነው። መቀመጫ ሲሰፋ የሚሳፈረው ሰው ቍጥር ይቀንሳል፤ የቲኬቱም ዋጋ ይጨምራል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንዱ ሁለት ቲኬት የሚያስገዛው ወጪ በብዙ መቶ መንገደኞች ላይ ሲከፋፈል እምብዛም አይሰማም። ይህም ምኞት ብቻ አይደለም። የካናዳ የትራንስፖርት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በአካል ጉዳት ወይም አካል ጉዳት ተብሎ በሚቈጠር ውፍረት ምክንያት ተጨማሪ መቀመጫ የሚያስፈልገው መንገደኛ በአገር ውስጥ በረራ ሁለተኛ ዋጋ እንዳይከፍል ደንግጓል። አየር መንገዶቹ ይግባኝ ለማለት ቢሞክሩም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። የውሳኔው መሠረተ ሐሳብ «ለአንድ ሰው አንድ ዋጋ» የሚል ሲሆን፣ መንገደኛ የሚገዛው ከቦታ ወደ ቦታ መጓጓዝን እንጂ በሳንቲ ሜትር የሚቸረቸር ወንበርን አለመሆኑን ያስገነዝባል።

የመቀመጫው ልክ ከምቾት በላይ የደኅንነት ጥያቄም ነው። አንድ አዲስ ዓይነት የመንገደኞች አውሮፕላን እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት፣ አደጋ ቢደርስ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ከመውጫዎቹ በግማሹ ብቻ ተጠቅመው በ90 ሴኮንድ ውስጥ ሊወጡ እንደሚችሉ መረጋገጥ አለበት። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ኮንግሬስ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ የአገሪቱ የአቪየሽን ባለ ሥልጣን ለደኅንነት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የመቀመጫ ልክ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲደነግግ አዘዘ። ዓመቱ ግን ድንጋጌው ሳይወጣ አለፈ። ከዚህ የምንረዳው ሕግ መታዘዙ ብቻ እንደማይበቃና ጠያቂ እንደሚያስፈልገው ነው።

ጠያቂው ደግሞ መንገደኛው ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው ከሚተማሙ ይልቅ አንድ ሆነው ቢጠይቁ ይበጃል። እስከዚያው ድረስ የሚያስፈልገው መልካም ጠባይ ነው። ሰፊ ቦታ የሚያስፈልገው ሰው አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ቢያስታውቅ፣ ጎረቤቱም በጣም ቢጨነቅ አስተናጋጁን ባዶ ቦታ ካለ በዝግታ ቢጠይቅ ከሁለቱም ክብር የሚጎድል ነገር አይኖርም። የጎረቤትን ገላ በስልክ ፎቶ ግራፍ አንሥቶ ለሰው መሳቂያ ማሰራጨት ግን፣ ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ ነውር ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ በአውሮፕላን ለሚሄዱ ሰዎች ነው» ትሉ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። መምህር ሳለሁ፣ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ውስጥ ሰውነቷ ከጓደኞቿ የገዘፈ አንዲት ተማሪ ነበረች። በዴስኳ የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆች «መምህር፣ አጣበበችን» ብለው አቤት አሉ። እኔም ነገሩን የጨረስሁ መስሎኝ፣ ልጅቱን አንሥቼ ከኋላ ብቻዋን አስቀመጥኋት። ክፍሉ ሳቀ። ቀድሞ ጥያቄ ሲጠየቅ ከሁሉ በፊት እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ አንድም ጊዜ እጇን አላወጣችም። ያ ዴስክ የተሠራው ለሦስት ሕፃናት እንጂ ለሦስት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አልነበረም። ሦስቱም ልጆች ጠቧቸው ነበር፤ እኔ ግን ያነሣሁት አንዷን ብቻ ነው።

በዴስኩ ላይ ያሰመራችሁትን መሥመር ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደግማችሁ ተመልከቱት። ነገ ከጎናችሁ የሚቀመጠው ሰው ከዚያ መሥመር ቢያልፍ፣ ከመተንፈሳችሁ በፊት መሥመሩን ያሰመረው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።