በጆንያው ላይ ያለው ስም የማን ንብረት ነው?

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ያለውን ንብረት እንዲዘረዝር ቢጠየቅ፣ መሪዎቹ መጋዘኑን፣ ሚዛኑን፣ የቡና መፈልፈያውንና በባንክ ያለውን ገንዘብ ቆጥረው ለማስረዳት አይቸገሩም። ይህ ሁሉ በመዝገብ የሰፈረና በኦዲተር የሚመረመር ነው። ከመዝገቡ ሊዘነጋ የሚችል አንድ ንብረት ግን አለ። ይኸውም ምርቱ በገበያ የሚታወቅበት ስምና ምልክት ነው።

ስም እንደ እህል በሚዛን አይለካም። ይሁን እንጂ በክብደትም ሆነ በደረጃ እኩል ከሆኑ ሁለት ጆንያዎች መካከል ገዢው አንዱን በስሙ ጠርቶ ሲጠይቅና ለእርሱም የተሻለ ዋጋ ሲከፍል ይታያል። ያን ስም ያስጠራው የገበሬው የብዙ ዘመን ድካም ነው። ገበሬው ያስጠራውን ስም ሌላው ቀድሞ ቢያስመዘግበው ወይም አርክሶ ቢጠቀምበት ግን የድካሙ ፍሬ ከእጁ ይወጣል። ከዚህ አኳያ ሀገራችን በቡና ስሞች ያሳለፈችውን ክርክር መለስ ብሎ መመልከት ለማኅበራት መሪዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል።

የሦስቱ ስሞች ክርክር

ይርጋጨፌ በጌዴኦ የሚገኝ ወረዳ ነው። ሐረር የከተማ፣ ሲዳሞ ደግሞ የቀድሞ ክፍለ ሀገር ስም መሆናቸው ይታወቃል። ሦስቱም ስሞች በውጭ ሀገር ቡና ቆይዎችና ጠጪዎች ዘንድ ለየት ያለ ጣዕም የሚታወቅባቸው መጠሪያዎች ከሆኑ ቆይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት ሦስቱን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት አመለከተ።

ነገሩ እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ቡና ነጋዴ ድርጅት ቀደም ብሎ በ1996 ዓ.ም. “ሲዳሞ” የሚል ቃል የሚገኝበትን የምርት ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ስለነበረ፣ የኢትዮጵያ ማመልከቻ ከኋላ ቆሞ ተራ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ድርጅቱ ማመልከቻውን የተወው በ1998 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም በበኩሉ ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነው ስለተለመዱ የአንድ ወገን ምልክት ሊሆኑ አይገባም ሲል ተቃወመ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ ይህንኑ አሳብ ተቀብሎ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ቡና ተቆልቶና ታሽጎ በአሜሪካ ሱቆች ግማሽ ኪሎ ያህሉ ከ20 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ የአምራቾቹ ማኅበራት የሚያገኙት ከ2 ዶላር በታች እንደነበረ በሰፊው ተዘግቧል። እርግጥ ነው፣ በመካከሉ የማጓጓዣ፣ የመቁያ፣ የማሸጊያና የሱቅ ወጪ አለ። ቢሆንም ከልዩነቱ ጥቂት የማይባለው ገዢው ለስሙ የከፈለው ነበር።

ክርክሩ በመጨረሻ በስምምነት ተቋጨ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት የሚመለከት ውል መፈራረማቸው ተገለጸ። ይርጋጨፌ ቀደም ሲል የተፈቀደ ሲሆን፣ ሐረርና ሲዳሞም በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ተመዘገቡ። ኢትዮጵያ ስሞቹን ለሚጠቀሙ ነጋዴዎች ፈቃድ የሰጠችው ያለ ክፍያ ነው። ያለ ክፍያ መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። ዓላማው ግን ከፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን፣ ነጋዴው የስሙን ባለቤት አውቆ ስሙን በማሸጊያው ላይ በትክክል እንዲያሰፍርና ፈላጊው እንዲበዛ ማድረግ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ስሙ መመዝገቡ ብቻውን የገበሬውን ኪስ አልሞላም። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍና ዝቅ ማለቱን፣ በመካከል ያሉ እጆችም ድርሻቸውን መውሰዳቸውን ቀጥለዋል። ምዝገባው ያስገኘው ባለቤትነትን ነው። ባለቤት የሆነ ወገን ግን መደራደር ይችላል፤ ያልሆነ ወገን የሚጠብቀው የሚሰጠውን ብቻ ነው።

የኮሎምቢያው ገበሬና በቅሎው

ስምን ከምልክት ጋር አዋሕዶ በመጠቀም ረገድ የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ያደረጉት የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተቋቋመው የሀገሪቱ ቡና አብቃዮች ፌዴሬሽን፣ ቡናቸው ከሌላው ጋር እየተደባለቀ ስሙ ሳይነሣ በመሸጡ ሲቸገር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሁዋን ቫልዴዝ የሚባል ገበሬ በማስታወቂያ እንዲታይ አደረገ። ሁዋን ቫልዴዝ በእውን የነበረ ሰው አይደለም። ባርኔጣ ደፍቶ በቅሎውን የሚስብ፣ የተራራ ሀገር ቡና ለቃሚ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 ገበሬው፣ በቅሎውና ከበስተኋላቸው ያለው ተራራ በአንድ ዓርማ ተጠቃልለው የኮሎምቢያ ቡና ብቻ በያዙ ማሸጊያዎች ላይ መታተም ጀመሩ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዓርማው የያዘው ማንም በአንድ ጊዜ አይቶ የሚለየውን ጥቂት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዓርማው የነጋዴ ሳይሆን የአብቃዮቹ ማኅበር ንብረት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሊለጥፈው የሚችለው በማኅበሩ ፈቃድና ማኅበሩ ባወጣው መመዘኛ ብቻ ነው።

ምልክት ሲወጠን

ዛሬ ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ቡናና ዱቄት አሽገው ለመሸጥ የሚነሡ ማኅበራት ዓርማ ማሠራታቸው አይቀርም። ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ግን ሠዓሊው ወይም ማተሚያ ቤቱ ሊመልሳቸው የማይችላቸውን ጥያቄዎች ራሳቸው መመለስ ይኖርባቸዋል። ምርቱ ከጎረቤት ወረዳ ምርት በምን ይለያል? የሚገዛው ማን ነው? የሚታየውስ የት ነው፤ በመጋዘን ክምር ላይ ነው ወይስ በሱቅ መደርደሪያ?

በጆንያ ላይ የሚታተም ምልክት በቆርቆሮ ላይ በተቀደደ ፊደል አማካይነት በአንድ ቀለም የሚቀባ ስለሆነ፣ ቀጫጭን መሥመርና ብዙ ቀለም ያለበት ሥዕል አይስማማውም። በወረቀት ላይ ያማረው ሥዕል በጆንያ ላይ ሲያርፍ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ዓርማው በአንድ ቀለም ሲታተምም፣ እንደ ሳንቲም አንሶ በማር ብልቃጥ ላይ ሲለጠፍም መለየቱን አስቀድሞ መሞከር ያሻል። ፍርዱን ለሠዓሊው ብቻ መተው አይገባም። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ከርቀት አሳይቶ ምን እንደሚያዩ መጠየቅ ከሁሉ የበለጠ ፈተና ነው። እነርሱ “ይህ የኛ ነው” ብለው ከለዩት ገዢውም ይለየዋል።

በተለጣፊው ላይ የምርቱ ስም ጎልቶ፣ የተመረተበት ቦታ፣ የአምራቹ ማኅበር ስም፣ የተጣራ ክብደትና የታሸገበት ቀን ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ያማረ ሥዕል ኖሮት ክብደቱና ቀኑ ያልተጻፈበት ዕቃ በገዢው ዘንድ አመኔታ አያገኝም። የሌላውን የታወቀ ምልክት አስመስሎ መሥራትም ለጊዜው ገበያ የሚያስገኝ ቢመስልም፣ መጨረሻው ክስና ኪሣራ ነው።

ከሠዓሊው ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ሲጠናቀቅ የሥዕሉ መብት ሙሉ በሙሉ ለማኅበሩ እንደሚተላለፍና ዋናው ቅጂ ለማኅበሩ እንደሚሰጥ በውሉ ይገለጽ። ምልክቱ በሊቀ መንበሩም ሆነ በገንዘብ ያዡ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም መመዝገብ አለበት። መሪ ይለወጣል፤ ማኅበር ግን ይቀጥላል።

ሕጉ የሚሰጠው ከለላ

በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አንድ ምልክት ሲመዘገብ ጥበቃው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። ማኅበራት አባሎቻቸው በጋራ የሚጠቀሙበትን ምልክትም ማስመዝገብ ይችላሉ። የጋራ ምልክት ሲሆን ማን፣ በምን ዓይነት ጥራት፣ በምን ሁኔታ እንደሚጠቀምበት የሚወስን ደንብ ሊኖረው ያስፈልጋል። ይህ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ ቢጸድቅ ኋላ ከሚነሣ ጠብ ያድናል። የሀገር ውስጥ ምዝገባ ግን በውጭ ሀገር ከለላ እንደማይሆን መዘንጋት የለበትም። ሦስቱ የቡና ስሞች በየሀገሩ የተመዘገቡትም ለዚሁ ነው።

ስም የሚጠፋበት መንገድ

ስም የሚጠፋው በሌላ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. በጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በመገኘቱ ወደዚያ ይላክ የነበረው ቡና ክፉኛ ቀነሰ። ምንጩ ከገበሬው ማሳ ሳይሆን ቡናው ከታሸገበት ጆንያ መሆኑ ተገለጸ። የቡናውን ስም ለዓለም እንዲያሳይ የተሠራው ጆንያ ራሱ ስሙን አጎደፈው ማለት ነው። በዚያው ሀገር የሲዳሞና የይርጋጨፌ ምልክቶች ምዝገባ ላይ መቃወሚያ ቀርቦ ኢትዮጵያ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ስትከራከር፣ በ2002 ዓ.ም. ፍርዱ በአመዛኙ ለኢትዮጵያ ሆኗል። በፍርድ ቤት የሚጠበቅ ስም በመጋዘን ውስጥ በንጽሕና ጉድለት ሊጠፋ የሚችል መሆኑን እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያሳያሉ።

ማርም ቢሆን እንዲሁ ነው። አንድ አባል ስኳር የተቀላቀለበት ማር በማኅበሩ ምልክት ቢሸጥ፣ ገዢው የሚያውቀው ያን ሰው ሳይሆን ምልክቱን ነውና ጥፋቱ በመላው አባል ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምልክት ያለው ማኅበር መርማሪም ሊኖረው ይገባል። ያልተመረመረ ምርት ተለጣፊ አይለጠፍበት፤ የታተመው ተለጣፊም እንደ ገንዘብ ደረሰኝ ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይመለስ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአበው ብሂል ለማኅበርም ይሠራል። የማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው የመጋዘኑንና የሚዛኑን ቆጠራ ሲያቀርቡ፣ የምርታቸው ስም በማን እንደተያዘ፣ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቀው አብረው ለአባላት ሊያስረዱ ይገባል። ይህ ዛሬ ካልተጠየቀ፣ ነገ ጥያቄውን የሚያቀርበው ሌላው ወገን ይሆናል፤ መልሱም ለገበሬው የሚበጅ ላይሆን ይችላል።