አገር የማይሰጥበት እንቆቅልሽ

እስኪ በጥያቄ ልጀምር። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ድመት ስታድግ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄዳለች ወይስ እንደ ድመት ወግ በአራት እግሯ ትቀራለች?

«ይሄ ደግሞ የምን ጥያቄ ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ ከፍኖተ ሰላም ተነስተን ቡሬ አካባቢ ገጠር ያለው አያታችን ቤት እስክንደርስ ድረስ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ስለ እውነተኛ ድመት የምናወራ መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ተስፋ ቆርጠው ተውን።

ድመቷ ስፕሪጋቲቶ ትባላለች፤ የፖኪሞን ጌም ፍጡር ናት። ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ፖኪሞን ተጫዋቹ በየጫካውና በየሜዳው የሚያገኛቸውን ልዩ ልዩ ፍጡራን እየያዘ፣ እያሳደገና እያጋጠመ የሚሰበስብበት የጃፓን ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር 151 ፍጡራን ነበሩት፤ ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል። ሐሳቡን ያመነጨው ሳቶሺ ታጂሪ የተባለ ሰው ሲሆን በልጅነቱ ነፍሳትን እያደነ መሰብሰብ ይወድ ነበር ይባላል። ይህ ለኛ አገር እረኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከብት ሲጠብቅ የዋለ የገጠር ልጅ የትኛው ጢንዚዛ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ፌንጣ እንደሚዘልና የትኛው እንደሚበር ከማንም በላይ ያውቃል። ታጂሪ ያንን እውቀት ጌም አደረገው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አዲስ የፖኪሞን ጌም ሊወጣ ሲል ኩባንያው ፍጡራኑን በሙሉ አያሳይም። ከወራት በፊት ጥቂቶቹን ብቻ ያስተዋውቃል። በተለይ ተጫዋቹ ጉዞውን ሲጀምር አንዱን እንዲመርጥ የሚቀርቡለት ሦስት ፍጡራን በሕፃንነት መልካቸው ይታያሉ። እነዚህ ሦስቱ ሲያድጉ ሁለት ጊዜ መልካቸውን ይለውጣሉ፤ የመጨረሻው መልካቸው ግን ተደብቆ ይቆያል። እንግዲህ በዚህ መሀል ያለው ጊዜ የግምት ጊዜ ነው። ስፕሪጋቲቶ የታየችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022 ነበር፤ ጌሙ የወጣው ኖቬምበር 18 ላይ ነው። ዘጠኝ ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዓለም ስለ አንዲት ድመት እግር ተከራከረ!

አንድ ነገር ልናገር። ይህን ጌም የሚያስኬደውን መሣሪያ እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የአክስቴ ልጅም አላየም። የነበረን የተሰነጠቀ ስልክና ስልኩ ላይ ያለው አጭር ቪዲዮ ነበር። ጃፓን ያለው ልጅ መጀመሪያ ይገምታል፣ በኋላ ይጫወታል። እኛ ጋ የደረሰው ግን ግምቱ ብቻ ነው። ለኛ ጨዋታው ግምቱ ነበር። ስለዚህ ግምትን የምናጣጥል ሰዎች አይደለንም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ላጣጥል አይደለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አያታችን ቤት ደርሰንም ጭቅጭቃችን አልበረደም። እኔ «ድመት ድመት ናት፣ በአራት እግሯ ትቀራለች» አልኩ። እሱ ደግሞ ማስረጃ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጌም ሊተን የምትባል የእሳት ድመት ነበረች፤ ስታድግ ኢንሲነሮር የሚባል በሁለት እግሩ የሚቆም ትግለኛ ሆነች። «ኩባንያው አንዴ ያደረገውን ሊደግመው ይችላል፤ ስለዚህ ትቆማለች ብዬ እገምታለሁ» አለኝ። አያታችን እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያዳምጡን ቆዩና «ይሄማ እንቆቅልሽ ነው። ምን ያጨቃጭቃችኋል? ያልመለሰው አገር ይስጣ!» ብለው ገላገሉን።

ኅዳር 2015 መልሱ መጣ። ስፕሪጋቲቶ አድጋ ሚያውስካራዳ ሆነች፤ በሁለት እግሯ ቆመች። ስልክ ደወለልኝና ሰላም እንኳ ሳይለኝ «አገር ስጠኝ!» አለ። ምን ላድርግ? ቡሬን ከነበርበሬዋ ሰጠሁት።

ጋዜጠኝነት መማር ከጀመርኩ ወዲህ ያ የአያቴ ፍርድ ደጋግሞ ይመጣብኛል። እንቆቅልሽ ሦስት ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ «እንቆቅልህ» ተብሎ ይጀመራል፤ «ምን አውቅልህ» ተብሎ ይመለሳል። የሚነገረው ጨዋታ መሆኑን ሁለቱም ወገን ያውቃል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያላወቀ ሰው በሰው ፊት ይከፍላል። አገር ይሰጣል፤ አገሩን የወሰደውም እዚያ ገብቶ ምን እንደበላና እንደጠጣ እየፎከረ ተሸናፊውን ያበሽቀዋል። ሦስተኛ፣ መልሱ በመጨረሻ ይነገራል፤ ማንም ተንጠልጥሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። እነዚህ ሦስቱ እስካሉ ድረስ ግምት ሰውን ያቀራርባል፣ አእምሮን ይስላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ግምት መሆኑ ይቀርና አሉባልታ ይሆናል።

የራሱ የፖኪሞን ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ሚው የተባለ ፍጡር ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ሺጌኪ ሞሪሞቶ ጌሙ ሊያልቅ ሲል በተረፈችው ጥቂት ቦታ ላይ ሸጎጠው። በተለመደው አጨዋወት የሚገኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኮሮኮሮ የተባለው የጃፓን የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 ሰዎች በዕጣ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ 78,000 ያህል ሰው አመለከተ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው እግር አወጣ። በጌሙ ውስጥ ወደብ ዳር ያለምክንያት የቆመች አንዲት የጭነት መኪና አለች። «ሚው ከሷ ሥር ነው፤ መኪናዋን የገፋት ያገኘዋል» ተባለ። በየአገሩ ያሉ ልጆች መኪናዋን ለመግፋት ስንት ሰዓት እንዳጠፉ አስቡት። መኪናዋ አትገፋም። ከሥሯም ማንም የለም።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ አንድ አጭር ፊልም ላይ ስሟ በውጭ አገር ገና ያልታወቀ ሰማያዊ ክብ ፍጡር ታየች። ፒካቹን የምትመስል ስለመሰላቸው ብዙዎች «ፒካብሉ» የሚል ስም አወጡላት፤ የፒካቹ ዘመድ አደረጓት፤ አንዳንዶቹማ እንዴት እንደምትገኝ ዘዴውን ሳይቀር ጻፉ። ቀጣዩ ጌም ሲወጣ ፍጡሯ ማሪል የምትባል የውኃ አይጥ ሆና ተገኘች። ከፒካቹ ጋር ምንም ዝምድና የላትም። ዘዴውን የጻፉት ሰዎች ግን አገር ሲሰጡ አልተሰማም።

ለመሆኑ በአክስቴ ልጅ ግምትና በፒካብሉ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ከአንድ ሥዕል ተነስተዋል። ሁለቱም ያልታየውን ለመናገር ሞክረዋል። የአክስቴ ልጅ ግን ከዚህ በፊት የሆነውን ጠቀሰ፣ «እገምታለሁ» አለ፣ ቢሳሳት ሊከፍል ተዘጋጀ። እውነቱን ለመናገር ትክክል መሆኑ እንኳ ዋናው ነገር አይደለም። ድመቷ በአራት እግሯ ብትቀርም የሱ ግምት ጥሩ ግምት ነበር። የኔው ደግሞ እንዲሁ ግትርነት ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ብዙ መሣሪያ አለው። «ይመስለኛል» አለ። «ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ይባላል» አለ። «አሉ» የምትል አንዲት ቃል ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ገብታ «እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው» ትላለች። ችግሩ እነዚህ ቃላት ቀላል ስለሆኑ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ሰው «ይመስለኛል» ይላል። ሁለተኛው «ነው አሉ» ይላል። ሦስተኛው «ነው» ይላል። አራተኛው ደግሞ «በርግጠኝነት ነው፣ ራሴ አይቻለሁ» ይላል። መኪናዋ ሥር ሚው የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ግምት የሰለቻቸው ደግሞ ወደ ስርቆት ይሄዳሉ። የፖኪሞን ሠሪ የሆነው ጌም ፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 ኮምፒውተሮቹ ተሰብረው ከ2,600 በላይ የሠራተኞቹና የቀድሞ ሠራተኞቹ መረጃ እንደተወሰደ አስታውቋል። ያልታዩ ሥራዎችና ድሮ የተጣሉ ሐሳቦችም አደባባይ ወጡ። አንዳንዱ «ጥሩ ሆነ፣ መልሱን አገኘን» ብሎ ተደሰተ። በበኩሌ ይህ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ ከጀርባ ሆኖ መልሱን የሚያንሾካሹክ ልጅ ነው የሚመስለኝ። ጨዋታውን ገደለ፤ በዚያ ላይ የማያገባውን የሰው ስም ይዞ ወጣ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይሄ የልጆች ጌም ነው፤ ጋዜጠኝነት ክፍል ምን አገባው?» ይሉኛል። የሚው መኪና ማንንም አልጎዳም፤ ልክ ናቸው። ግን አሉባልታ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ የጫነው ብቻ ይለያያል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም ከተማ ውስጥ የሆነውን ማን ይረሳዋል? ለጤና ጥናት የሄዱ ተመራማሪዎች ለልጆች የማይታወቅ ክትባት ሊሰጡ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሕዝብ ተነሳባቸው፤ ሁለት ሰዎች ተገደሉ። እዚያም አንድ ሰው መጀመሪያ «ይመስለኛል» ብሎ ይሆናል። ቃሏ መንገድ ላይ ስትወድቅ ያነሳት አልነበረም። «አገር ስጠኝ» ቢባልስ ለሁለት ሰው ሕይወት የትኛው አገር ይበቃል?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም ያየነው ይህንኑ ነው። ዜና ሲጠፋ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይገምታል። መንገድ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል? እገሌ ደህና ነው ወይስ አይደለም? መልሱን የሚናገር ሲጠፋ የእንቆቅልሹ ሦስተኛ ሕግ ይፈርሳል። ሰው ግምቱን ይዞ ያድራል፤ ግምቱም አድሮ እውነት ይሆንበታል። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ በሚገምተው ሕዝብ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። መልሱን እያወቀ የሚይዝም ሰው ድርሻ አለው።

እኛ ነገ ጋዜጠኛ ለመሆን የተቀመጥን ሰዎች ነን። ታዲያ አንዳንዴ ከአሉባልተኛው ብሰን እንገኛለን። አሉባልተኛው ቢያንስ «አሉ» ይላል። እኛ ግን «እየተነገረ ይገኛል»፣ «ምንጮች ጠቆሙ»፣ «ተብሎ ይጠበቃል» እያልን ለግምታችን ክራባት እናስርለታለን። ማን ነው የተናገረው? ምንጮቹ ስንት ናቸው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? መልስ የለም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንዲት ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚሁ መጽሔታችን ላይ «አገር ስጠኝ» የሚል አምድ ይከፈት። ባለፈው እትም የተሳሳተ ነገር የጻፈ፣ ወይም ግምቱን እንደ እውነት ያቀረበ ሰው ስህተቱን በስሙ ያርም፤ ትክክለኛውንም ይንገረን። በመጨረሻው ገጽ ጥግ በትንንሽ ፊደል ሳይሆን በዚያው መጠን። መምህራኖቻችንም ጭምር! አሳፋሪ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አገር መስጠትም ያሳፍራል፤ ግን በሰጠ ሰው ላይ ማንም ለዘላለም አይስቅም። የሚሳቅበት ተሸንፎ አልሰጥም የሚለው ነው።

አዲስ ፍጡር በታየ ቁጥር የአክስቴ ልጅ ሥዕል ይልክልኛል። «ይሄኛውስ ሲያድግ ምን ይሆናል?» ይለኛል። አሁን እንደ ድሮው ቶሎ አልመልስም። ከዚህ በፊት የሆነውን አያለሁ፣ «አላውቅም፣ ግን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ፣ ምክንያቴን እነግረዋለሁ። ከዚያ መልሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን።

እስካሁን ቡሬን፣ ጅጋንና ደምበጫን ሰጥቼዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ግን በእጄ ናት።