የሱቁን በርበሬ ተዉት!

እህቶቼ፣ እስከ መቼ ነው በላባችን ያገኘነውን ደሞዝ ለታሸገ በርበሬ የምንገብረው? «ከሀገር ቤት ካልመጣ በርበሬ አይባልም» የምትሉ አላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቅመሙ እኮ እዚሁ ቤሩት ሞልቷል! አብሹን ሔልባ፣ ድንብላሉን ኩዝባራ ብላችሁ ቅመም ሻጩን ጠይቁ። ኮረሪማ ከጠፋ ሄል አለ፤ ጣዕሙ አንድ ነው አልልም፣ ግን ወጥ አያሳፍርም። ደረቁን ዛላ በርበሬ ቀንጥሱ፣ ቅመሙን ለየብቻ በቀስታ አመስ አመስ አድርጉ፤ አብሽ ካረረ ይመራል፣ እሱን አደራ። በማዳም ቡና መፍጫ ግን እንዳትሞክሩት! ጠረኑ አይለቅም፣ ጣጣው የኛው ነው። አዋጥተን የራሳችንን መፍጫ እንግዛ፤ እሁድ እሁድ አብረን እንፍጭ። የመጀመሪያው ጠርሙስም እሁድ እንኳ በር ለማይከፈትላት እህታችን ይድረስ።