መስኮቱን ሳትጋርዱ ስክሪን አትግዙ!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የግዢ ኮሚቴ ውስጥ የገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ፎንቆም ሆሳዕናም ስሄድ የምሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ምስሉ ደበዘዘ? ትልቅ ስክሪን ግዙ!» ይሄ ምክር ስህተት ነው። ዕዳው ደግሞ የሚያርፈው ወላጅ ባዋጣው ብር ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ የመጣው ፕላዝማ ልማድ ሆኖብን ይመስለኛል። ፕላዝማ ብርሃኑን ከራሱ ያመነጫል። ፕሮጀክተር ግን ጥቁር ቀለም የለውም እኮ! «ጥቁር» የምትሉት የፕሮጀክተሩ ብርሃን ያላረፈበትን ቦታ ነው። የመስኮት ብርሃን እዚያ ሲያርፍ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ጽሑፉም ይጠፋል።

እስቲ እናስላው። በትክክል 3000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር 2 በ1.5 ሜትር ስክሪን ላይ 1000 ሉክስ ያሳርፋል። ከመስኮት 500 ሉክስ ከገባ ነጩ 1500፣ ጥቁሩ 500 ሆነ፤ ልዩነቱ 3 እጥፍ ብቻ ነው። «ትልቅ ይሁን» ብላችሁ 4 በ3 ብታደርጉት የፕሮጀክተሩ ብርሃን ወደ 250 ይወርዳል፤ ልዩነቱም አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ባሰበት እንጂ መች ተሻለው? ትንሹን ስክሪን ትታችሁ በወፍራም መጋረጃ የመስኮቱን ብርሃን ወደ 50 ብታወርዱት ግን 21 እጥፍ ታገኛላችሁ።

«ብርሃን የሚከላከል ግራጫ ስክሪን አለ» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፣ ጥሩም ነው። ግን የሚከላከለው ከላይና ከጎን የሚመጣውን ነው፤ ከፕሮጀክተሩ አቅጣጫ የሚመጣውን የኋላ መስኮት ብርሃን አይመልስም። ግድግዳ ሥር ለሚቀመጥ ፕሮጀክተር የተሠራውን ደግሞ ጣሪያ ላይ ለተሰቀለ ብትገዙት ምስሉ ይጨልማል። «ጌይን» ከፍ ያለውም ከመሐል ለተቀመጠ ያበራል፣ ዳር ላለው ይደበዝዛል። ስልሳ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ዳር የሚቀመጠው የማን ልጅ ነው?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ መጋረጃ፣ ቀጥሎ ስክሪኑን መስኮት ከማይመለከት ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ከዚያ ተራ ነጭ ስክሪን በልክ። ገንዘብ ከተረፈ ግራጫውን አስቡት። ከመግዛታችሁ በፊትም ቀን 6 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ አስበርታችሁ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩት።

ከኋላ ያለው ተማሪ ግራፉን ካላየ፣ የተገዛው ዕቃ ለጎብኚ ነው እንጂ ለትምህርት አይደለም። የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ፣ ካልኩሌተሩን ይዞ!