ከስልኩ ማዶ ያለው ልጅ

ወላጆች ደጋግመው ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ልጄ ስልክ ላይ ጌም ሲጫወት ይውላል፤ ምን ላድርገው?» የሚል ነው። እንቅልፍ እንደሚሻማ፣ ዓይን እንደሚያደክም፣ ከጥናት እንደሚያዘናጋ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ጌም ሁሉ አንድ አለመሆኑን ላሳያችሁ። በተለይ አንዱን ከልጆቹ ይልቅ እኛን ወላጆችን የሚመለከት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኳስ የሚያስመታ፣ መኪና የሚያስነዳ፣ የሚያታኩስ ጌም አለ። እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። ከነሱ ሌላ ደግሞ ታሪክ የሚያወራ ጌም አለ። ታሪኩ ይሄድ ይሄድና ይቆማል፤ «አሁን ምን ይደረግ?» ብሎ ሁለት ሦስት መንገድ ያቀርባል። ተጫዋቹ በመረጠው በኩል ይቀጥላል። የወረታን መገንጠያ አስቡት። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና በአንዱ ወደ ጎንደር፣ በሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይሄዳል። መገንጠያው ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሲመሽ ግን አንዱ ያደረበትና ሌላው ያደረበት አገር አይገናኝም። እነዚህም ጌሞች እንደዚያ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ቀላል የመሰለች ምርጫ መጨረሻውን ትለውጠዋለች።

ከነዚህ አንዱ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የወጣ የፈረንሳዮች የስልክ ጌም ነው። ስሙ በአማርኛ «ቅበሪኝ ፍቅሬ» እንደማለት ነው። ርዕሱ የተወሰደው ከአረብኛ የስንብት ቃል ሲሆን፣ «ከእኔ ቀድመሽ አትሙቺብኝ» ማለት ነው። እናቶቻችን «ቀባሪዬ ያድርግህ» እያሉ ስላሳደጉን ትርጉሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእህቴ ልጅ እየተረጎመልኝ ጥቂት ቀን አብሬው ተከታተልኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኑር የምትባል ሶርያዊት ከጦርነት ሸሽታ ወደ አውሮፓ ትጓዛለች። ባሏ ማጅድ ቤተሰቡን የሚጠብቅ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ተጫዋቹ የሚሆነው መንገደኛዋን ሳይሆን ቤት የቀረውን ማጅድን ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫም የለም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው እንደ ዋትሳፕ ያለ መልእክት መለዋወጫ ብቻ ነው። ኑር ትጽፋለች፤ ተጫዋቹ ከቀረቡለት መልሶች አንዱን መርጦ ይልካል። የሚመርጠው ምክሩን ብቻ ሳይሆን የቃሉንም ለዛ ነው። ኑር አንዳንዴ ምክሩን ትሰማለች፤ አንዳንዴ በራሷ ሐሳብ ትሄዳለች። መልእክቱ የሚሄደው በእውነተኛው ሰዓት ስለሆነ ድምጿ ሲጠፋ ለሰዓታት ሊጠፋ ይችላል። ጌሙ 19 ዓይነት መጨረሻ አለው። በአንዳንዱ ትደርሳለች፤ በአንዳንዱ አትደርስም።

ይህን ለምን እንደማነሳው የፎገራ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በጎንደር በኩል ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በደጃችን ያልፋል። ሩዝ የሜዳችን ነጭ ወርቅ ነው፤ ብዙ ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። ነገር ግን አንድ ጥማድ ማሳ ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል ለታናሹ የሚተርፈው የደላላ ወሬ ነው። በሚያዝያ 2007 ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ በግፍ ሲገደሉ አገር አልቅሷል። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ ድንበር የገባውን ሕዝብ አይተናል። ሆኖም የሚሄደው አልቀረም። ልጁ በሄደ ማግስት እኛ ሁላችንም ማጅድን እንሆናለን። መንገዱን ሳናይ፣ ስልክ ጨብጠን፣ ለመንገደኛ ምክር እንሰጣለን።

ታዲያ ከስልኩ ወዲህ ያለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? በጤና ሥራ ላይ ሳለሁ ከተማርኩት ጋር እያያዝኩ ሦስት ነገር ላንሳ።

አንደኛው አጠያየቅ ነው። የማውቃት አንዲት እናት ልጇ በመተማ ወጥቶ ወራት ሲንከራተት፣ በደወለ ቁጥር «በልተሃል?» ትለው ነበር። እሱም «በልቻለሁ» ይላታል። እግዜር ረድቶት ሲመለስ ግን «ስደውል ደላላው አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ‹ሰው አጠገብህ አለ?› ብትይኝ ‹አዎ› ማለት እችል ነበር» አላት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ባሏ አጠገቧ የቆመ ሴት «ማን መታሽ?» ብትባል አትመልስም። መጀመሪያ ባልየውን ካርድ እንዲያወጣ እንልከዋለን፤ እምቢ ካለ ራስ በመነቅነቅ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ እንጠይቃታለን። ልጅ ከቤት ሳይወጣ በፊት እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ተስማምቶ መያዝ ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ቁጣ ነው። «አላልኩህም ነበር?» የሚል ቃል የታማሚን አፍ ይዘጋል። መድኃኒቱን አቋርጦ የመጣ ሰው ከተቆጣነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ኪኒኑን ሳይውጥ «ውጬዋለሁ» ይለናል። ከስልኩ ማዶ ያለ ልጅም እንደዚሁ ነው። ቁጣውን የፈራ ልጅ መታመሙን፣ ገንዘቡ ማለቁን፣ መያዙን ይደብቃል። ያን ጊዜ የምንሰጠው ምክር ሁሉ በውሸት ላይ የቆመ ይሆናል።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። በዚህ ዓይነት ጌሞች ውስጥ ሰዓት የሚቆጥሩም አሉ፤ ሳትመልሱ ሰዓቱ ካለቀ ዝም ማለታችሁ ራሱ እንደ ምርጫ ተቆጥሮ ታሪኩ ይቀጥላል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለ እናቶች ሞት ስንማር ሦስት መዘግየቶች ይነገሩናል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስ፣ ደርሶ ሕክምና በማግኘት። የመጀመሪያው የሚሆነው እቤት ውስጥ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ቀበሌዎችን ውኃ ሲከብ፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት አስቀድማ ወደ እናቶች ማቆያ ካልመጣች፣ «ነገ እናያለን» ማለት በራሱ ውሳኔ ነው። አማቷም ባሏም ክፉ አልመረጡም፤ ዝም ብለው ሳለ ወንዙ መረጠላቸው። ልጁ የደላላ ቁጥር እንደያዘ እያወቁ «ይተወዋል» ብሎ ዝም ማለትም እንዲሁ ነው። በሬው ሲሸጥ ከመነጋገር፣ በሬው ሳይሸጥ መነጋገር ይሻላል።

ጌሙን እንዳላጋንነው ደግሞ ልናገር። አማርኛ የለውም፤ ሞትና መከራ ስላለበትም ለሕፃናት አይሆንም። ከሁሉ በላይ፣ ጌም ሲያልቅ «እንደገና ጀምር» ይላል። ኑር በአንዱ ብትሞት በሌላው ትኖራለች። የእኛ ልጅ ግን አንድ ነው። ጌም የሚለማመዱበት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም፤ ይህን ልጆቻችሁ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ንገሯቸው። «ተው!» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ለምን መረጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ። የልጅን ልብ ለማየት ከዚህ የቀለለ መስኮት አላገኘሁም።

ስልክ ለሌለውም ቤት ጨዋታው አይቀርበትም። ቡና ሲፈላ አያትም እናትም ልጅም ባሉበት አንዱ ያውጋ፦ «መተማ ደርሰሃል። ደላላው ከተስማማችሁበት በላይ ገንዘብ ጠየቀ፤ ጓደኛህ ታሟል። ትቀጥላለህ? ትመለሳለህ? ለእናትህ ትደውላለህ?» ልጁ ይምረጥ። እናትየው በተራዋ ትጠየቅ፦ «የማታውቂው ሰው ደውሎ ‹ልጅሽ ተይዟል፣ ገንዘብ ላኪ› አለሽ። ምን ታደርጊያለሽ?» አባትም አይቅር፦ «ልጅህ ‹ባዶ እጄን ልመለስ› ቢልህ፣ ደጁን ትከፍትለታለህ?» በመጨረሻም «ሌላ መንገድስ የለም ወይ?» ይባል። በወረዳችሁ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስለ ሕጋዊ የውጭ አገር ሥራና እዚሁ ስለሚገኝ ሥልጠና መጠየቅም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው።

አንዳንዱ ቤት በዚህ ጨዋታ ይስቃል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝም ካለ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ቁጥሩን ይዞ ይሆናልና ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አትነሱ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።