የስህተት ዋጋ ሲረክስ

«ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ላፕቶፕ የለኝም።» ጂንካ ውስጥ ይህችን አባባል በሳምንት ቢያንስ አንዴ እሰማታለሁ። የሚነግሩኝ ልጆች ደግሞ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው። የላፕቶፕ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱን አልደግምላችሁም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ነኝና ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ስለ ሌላ ዋጋ ነው፤ አንድ ጀማሪ ኮድ ጽፎ አንዴ ሲሳሳት የሚከፍለው ስንት ነው?

መጀመሪያ ስለ ኮምፓይለር ትንሽ ልበል። ኮምፒውተር የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ በቁጥር መጻፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ሰው በሚቀለው ቋንቋ ይጽፍና መሃል ላይ ተርጓሚ ይገባል። የጂንካን የቅዳሜ ገበያ አስቡት። ማር ይዞ የመጣ የበና ሰውና አማርኛ ብቻ የሚችል ነጋዴ ሲገናኙ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ መሃል ቆሞ ንግግሩን ተራ በተራ ያቀብላል። በፕሮግራም ዓለም ይህን የሚሠራው ኢንተርፕሪተር ይባላል፤ ፓይተን በግርድፉ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ኮምፓይለር ግን ሙሉውን ደብዳቤ ተቀብሎ ያነባል። ስህተት ካገኘ «ይኼ መስመር አልገባኝም» ብሎ ይመልሳል፤ ካላገኘ ጠቅላላውን ተርጉሞ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ተርጓሚው ባይኖርም ደብዳቤው ይነበባል። ሲ እና ፓስካል የተለመደው አሠራራቸው ይኼ ነው።

በሁለቱም መንገድ ጀማሪ የሚማረው «አልገባኝም» ከሚለው መልስ ነው። ትጽፋላችሁ፣ ይመለስባችኋል፣ ታስተካክላላችሁ፣ እንደገና ትልካላችሁ። ይህ ዙር በቀን 100 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። የአንዱ ዙር ዋጋ ውድ ከሆነ ግን ሰው በአምስተኛው ላይ ይበቃዋል። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ከእኛ በፊት በደንብ ያዩት የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተር አማተሮች ናቸው (የውጭውን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1982 እንግሊዝ ውስጥ ዜድኤክስ ስፔክትረም የሚባል የቤት ኮምፒውተር ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋው እንደ ሚሞሪው መጠን 125 ወይም 175 ፓውንድ ነበር። ማሳያው የቤቱ ቴሌቪዥን፣ ማስቀመጫው ደግሞ ያው ዘፈን የሚሰማበት ተራ ካሴት ነው። ተለቅ ያለው ሞዴል ሚሞሪው 48 ኪሎባይት ብቻ። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ስልክ ከዚያ ማሽን ከ43 ሺህ እጥፍ በላይ ሚሞሪ አለው። ማሽኑ ግን አንድ ነገር ይበልጠን ነበር፤ ሲበራ ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጡ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት የወጣው ኮሞዶር 64ም እንደዚሁ ነው፤ ለቤዚክ የተረፈው ቦታ 38,911 ባይት መሆኑን በስክሪኑ ላይ ጽፎ «ዝግጁ ነኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። የእኛ ስልክ ሲበራ ምን ይላል? ቪዲዮ እይ፣ ካርድ ሙላ፣ አፕ አውርድ።

ቤዚክ ቀርፋፋ ነበር። ፍጥነት የፈለገ አማተር ኮምፓይለር ይገዛል፤ ለስፔክትረም ለምሳሌ ሃይሶፍት ፓስካል በካሴት ይሸጥ ነበር። 48 ኪሎባይቱን የሚሞላ ፕሮግራም ከካሴት ለመጫን 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ኮምፓይለሩ፣ የምትጽፉት ጽሑፍና የሚወጣው ፕሮግራም በዚያችው ጠባብ ሚሞሪ ውስጥ ይጋፋሉ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ማሽኑ ከቆመ ሁሉም ይጠፋል፤ ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠንጥኖ እንደገና ከዜሮ ነው። ጽሑፉን ቀድሞ ካሴት ላይ ያላስቀመጠ ሰው ጽሑፉንም አጣ ማለት ነው። የአንዲት የተረሳች ነጥብ ዋጋ ሩብ ሰዓት ሊሆን ይችል ነበር።

በዚያ ዘመን በቢሮ ኮምፒውተሮች ላይም ነገሩ ብዙም የተሻለ አልነበረም። መጻፊያው አንድ ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ ሌላ ፕሮግራም፤ መሃል ላይ ዲስክ መቀያየር፣ መጠበቅ፣ ስህተት ሲገኝ ወደ መጻፊያው መመለስ። ኮምፓይለሮቹም በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። በ1983 መጨረሻ ቦርላንድ የሚባል ኩባንያ ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም አወጣ። ኮምፓይለሩን የሠራው አንደርስ ሃይልስበርግ የሚባል ወጣት ዴንማርካዊ ነው፤ በኋላ ሲ ሻርፕንና ታይፕስክሪፕትን የቀረጸው ራሱ ነው። መጻፊያውና ኮምፓይለሩ ከ40 ኪሎባይት በማይበልጥ አንድ ፋይል ውስጥ ተጠቃለሉ። ሥራው የሚካሄደው ሚሞሪ ውስጥ ስለሆነ ዲስክ መጠበቅ ቀረ፤ ስህተት ሲያገኝም ጠቋሚውን እዚያው የተሳሳተው ቦታ ላይ ያቆምላችኋል። ደቂቃ የነበረው ወደ ሰከንድ ወረደ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ 49 ዶላሩ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቅናሽ የሰከንዱ ነው፤ ኮምፓይለር የሚገዛው አንዴ ነው፣ ስህተት የሚከፈለው ግን በየቀኑ ነው።

ስህተት ሲረክስ ምን እንደሚከተል ለማየት የያዛችሁትን ስልክ ተመልከቱ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባለው የፊንላንድ ልጅ ፕሮግራም የጀመረው በአያቱ ቪክ-20 የቤት ኮምፒውተር ነው። ቀጥሎ የገዛው ሲንክሌር ኪውኤል ፊንላንድ ውስጥ በቂ ሶፍትዌር ስላልነበረው ጽሑፍ መጻፊያውንም አሴምብለሩንም ራሱ ሠራ። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊነክስን ሲጽፍ የተጠቀመው ጂሲሲ የተባለውን ነጻ ኮምፓይለር ነው። ያኔ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር የቆጠረው። ዛሬ አንድሮይድ ስልኮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ልብ ላይ ነው።

«እሱ ፊንላንድ ነው፣ እኛ ጂንካ ነን» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። ይህን ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል ስልክ ላይ ማንበብ መቻላችሁ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ከታገሉት ኢትዮጵያውያን መካከል በካሊፎርኒያ ዳሸን ኢንጂነሪንግን የመሠረቱት አቶ ፍስሐ አጥላውና በኮሎራዶ የሚኖሩት ዶ/ር አበራ ሞላ ይገኙበታል። ዶ/ር አበራ (ከድምፃዊው ስለሺ ደምሴ ቅጽል ስም ጋር እንዳይምታታባችሁ) የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ኮምፒውተር ሙያቸው አልነበረም፤ ችግሩ ግን የእሳቸውም ነበር። ችግሩም ቀላል አልነበረም። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ነው፤ ያ ማለት 256 ቦታ። ግማሹን የእንግሊዝኛው ሥርዓት ቀድሞ ይዞታል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ ቋ እና ጓ፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ነገሩ መስመር የያዘው በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶችን ሲመዘግብ ነው። በ2010 ደግሞ ጎረቤቶቻችን ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና ባስኬቶ ለቋንቋቸው የሚያስፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ መሣሪያው እጃቸው ላይ ስለነበረ ደጋግመው መሞከር የቻሉ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ጂንካ። እዚህ አንድ ጀማሪ ሲሳሳት የሚከፍለው ምንድን ነው? ኢንተርኔት ቤት ከተቀመጠ በሰዓት ይከፍላል። ኦንላይን ኮድ የሚያስኬድ ድረ ገጽ ከተጠቀመ ዳታ ይበላበታል፤ ኔትወርክ ሲሄድ ሥራውም ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት ቤቱ ይዘጋል። እንግዲህ ከ40 ዓመት በኋላ ወደ ካሴቱ ዘመን ተመልሰናል ማለት ነው፤ የ5 ደቂቃው ጥበቃ በብርና በኔትወርክ ተተካ እንጂ ዙሩ አሁንም ውድ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢንሼቲቭን ጀምሯል። ሥልጠናው በኦንላይን ነው፣ ነጻ ነው፣ ሲጨርሱ የምስክር ወረቀት ያሰጣል። ይኼ ጥሩ ነገር ነው፤ የኮርስ ዋጋን ዜሮ አድርጎታል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የኮርስ ዋጋ ሌላ፣ የስህተት ዋጋ ሌላ። ከኮርሶቹ አንዱ የአንድሮይድ አፕ ማበልጸግ ነው። አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። ስልክ ብቻ ያለው ልጅ ቪዲዮውን አይቶ፣ ጥያቄውን መልሶ፣ ሰርተፊኬቱን ሊወስድ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን «አልገባኝም» ብሎ የመለሰለት ኮምፓይለር ላይኖር ይችላል። ዋና የምሥክ ሰው በወንዙ ዳር ቆሞ አያውቀውም፤ ኮድም እንደዚያው ነው። ቁጥሩ 5 ሚሊዮን ሲሞላ የሠለጠነውን ብቻ ቆጥረን የሠራውን ካልቆጠርን፣ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚደነግጠው ልጁ ነው።

መፍትሔው ከምናስበው ይቀርባል። ፓይድሮይድ 3 የሚባለው አፕ አንዴ ከተጫነ ፓይተንን ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ያስኬዳል። ሲኤክስኤክስድሮይድ ለሲ እና ለሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩን ይዞ ይመጣል። ተርመክስ ደግሞ ስልኩን ትንሽ የሊነክስ ኮምፒውተር ያደርገዋል። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እየፈለግሁ ፓይተንን የለመድኩት በስልክ ነው። መብራት በሌለበት ምሽት፣ ዳታ ዘግቼ፣ እናቴ ላለችበት የ24 ሰው እቁብ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣ ለማን ወጣ የሚለውን የሚይዝ የ40 መስመር ፕሮግራም ጽፌበታለሁ። አላጋንንም፤ የስልክ ኪቦርድ ላይ ቅንፍ መፈለግ ያናድዳል፣ ስክሪኑ ይጠብባል፣ ትልቅ ፕሮጀክት አይሠራበትም። ግን አንዱ ሙከራ የሚፈጀው አንድ ሰከንድ ነው፣ በብር ሲተመን ደግሞ ምንም። የቱርቦ ፓስካልን ዘመን አማተር የስልክ ኪቦርዱን ትቶ ይህን ብቻ ብታሳዩት ይቀናባችሁ ነበር።

«ኧረ አሁን እኮ ኤአይ ነው የሚጽፈው» የምትሉ አላችሁ። ይጽፋል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። አብዛኛው ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁም በመጨረሻ ኮምፓይለሩና የእናንተው ዓይን ነው። የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው የተሰጠውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሥልጠናውን የሚመሩ አካላት ለስልክ ብቻ ባለቤቶች የሚሆን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአማርኛና በአካባቢ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ጥቅል ይጨምሩ፤ ከሰርተፊኬቱ ጎን ተማሪው የሠራት አንዲት የምትሠራ ፕሮግራምም ትቆጠር። ሁለተኛ፣ ዋይፋይ ያላቸው ተቋማት፣ ጂንካ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ለሠፈር ልጅ ይክፈቱ። መጥቶ ይጫን፣ ማስተማሪያውን ያውርድ፣ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ኔትወርክ አይፈልግም፤ ፋይሉን እርስ በርስ መቀባበል ደግሞ ፊልም ስንለዋወጥ የለመድነው ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ቦታ የያዘውን አንድ ጨዋታ አጥፉና ኮምፓይለር ጫኑበት። የመጀመሪያ ፕሮግራማችሁ የዓለምን ችግር አይፍታ። ከባጃጁ የቀን ገቢ የነዳጁን ወጪ ይቀንስ፣ የኮረሪማውን ኪሎ በዋጋው ያባዛ። መጀመሪያ ላይ 20 ጊዜ «አልገባኝም» ይላችኋል። ሀያ ጊዜውንም በነጻ ነው።